የሰረቅነው አፕ የተዘጋበት ሳምንት

እኔ በመሠረቱ ጨዋ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደ ታች የምታነቡት ነገር ሌላ እንዳያስመስለኝ ነው። እዚህ አረብ አገር፣ አል ሪጋ በሚባል ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ሸሚዜን ተኩሼ እለብሳለሁ፤ ሰው ሲናገር አላቋርጥም፤ መኪና በሌለበት መንገድ እንኳ አረንጓዴ መብራት ጠብቄ ነው የምሻገረው። እዚህ አገር በቀይ የሚሻገር ሰው ምን እንደሚጠብቀው ስለምታውቅ ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ብቻ ጨዋ ነኝ። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ሌባ ነኝ፤ የሰረቅሁትም አንድ አፕ ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። ሌላው ዓለም እንደ ልቡ የሚደዋወልባቸው አፖች እዚህ መልእክትና ፎቶ ያመላልሳሉ እንጂ ጥሪ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይጠፋል። የተፈቀዱት ደግሞ በየወሩ ይከፈልባቸዋል። በካርድ ልደውል ያለ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ካርዱ ያልቅበታል፤ የእኛ ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ከብቱ ሳይቀር ይጠየቃል። እኔ አንድ ቀን፣ ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ ኢንተርኔት ላይ ስጎረጉር ከሚከፈልባቸው አፖች የአንዱን የተሰበረ ቅጂ አገኘሁ፤ ክራክ የሚሉትን ማለቴ ነው። አንድ ሰው ብቻ ይከፍላል፤ በእሱ የይለፍ ቃል ስንቱም ሰው ይገባበታል። ለራሴ ጫንኩ። አል ቁሰይስ፣ ቢድ ስፔስ በሚሉት አልጋ ብቻ በምንከራይበት ክፍል ውስጥ፣ ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ ለሚተኛው ልጅ ጫንኩ። እሱ ለእህቱ ሰጠ፤ እህቱ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ሰጠች።

ምን ላርዝመው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከአል ቁሰይስ እስከ ሻርጃ፣ ከሻርጃ እስከ አጅማን የማውቀውም የማላውቀውም ሀበሻ እናቱን የሚያገኘው በእኔ የይለፍ ቃል ሆነ። ኩባንያው የሚያውቀው አንድ ደንበኛ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወሎም ጎጃምም ቡታጅራም የሚደውል፣ እንቅልፍ የሌለው፣ እናቶቹ የበዙበት ሰው። ምን ይሉኝ እንደ ነበር እግዜር ይወቀው።

ሰዉ ግን «ኢንጂነር» ይለኝ ጀመር። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፤ አላረምኳቸውም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እናቶች ግንባሬን ይስሙኛል፣ «እጅህ ይባረክ» ይሉኛል። ሒሳብ ክፍል ተቀምጬ ስንት ዓመት ስለፋ አንድም ቀን የመረቀኝ ሰው አልነበረም። ተኮፈስኩ እንግዲህ፤ ምን ላድርግ።

አንድ ሰኞ ቀን እትዬ አስካለ ደወሉልኝ። እትዬ አስካለ ከሁላችንም በፊት ወደዚህ አገር የመጡ፣ ሻርጃ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ክርስትናው፣ ሽምግልናው፣ ለቅሶው ያለ እሳቸው አይሆንም። መርዶማ ጭራሽ ያለ እሳቸው አይነገርም። ስለዚህ ስማቸው ስልካችን ላይ ሲመጣ ሁላችንም በልባችን የምንጠይቀው «የእኔ ነው ወይስ የሌላ ሰው?» እያልን ነው።

«ብቻህን ነህ?» አሉኝ።

በሩን ዘጋሁ። «ብቻዬን ነኝ እትዬ።»

«ያንተ አይደለም፣ አትደንግጥ። የስንዱ እናት አርፈዋል። ቀብራቸውም ሆኗል።»

ስንዱ ልበላት፤ እውነተኛ ስሟን የማልጽፍበትን ምክንያት ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። አል ባርሻ አንድ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ናት። ደብረ ታቦር አካባቢ አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ ጡት እንዳስጣለቻት ለእናቷ ሰጥታ ነው የመጣችው። በየቀኑ ሥራ ስትጨርስ ትደውላለች። እናትየው በቪዲዮ ጥሪ ጊዜም ስልኩን ጆሯቸው ላይ ስለሚለጥፉት ስንዱ ስታየው የኖረችው የእናቷን ጆሮ ነው፤ ከጆሮው በስተጀርባ ልጅቷ ስትዘል ትታያለች። «ጆሮዋ ወፈር ብሏል፣ ደህና ናት» እያለች ታስቀን ነበር። ያን ጊዜ ትዝ ሲለኝ እንባዬ መጣ።

እትዬ አስካለ ግን ለእንባ ጊዜ አልሰጡኝም። «ስማ። እሁድ እረፍቷ ነው። እሁድ በጠዋት እኔ ቤት እናረዳታለን። እስከዚያ በሰው ቤት፣ ማድቤት ውስጥ ቆማ፣ የሚይዛት ሰው ሳይኖር እንዳትሰማ። ባለፈው መርዶዋን ብቻዋን የሰማችው ልጅ ምን እንደ ሆነች አይተሃል። አገር ቤት ያለውን ወንድሟን ነግሬዋለሁ፤ ብትደውል አያነሳም፣ ብትጽፍ አይመልስም። ግን ጎረቤቱ ሁሉ ስልክ ይዟል፤ ስንቱን ነግሬ እዘልቀዋለሁ? ያንን ነገርህን ዝጋው።»

«የቱን ነገር?»

«የምንደውልበትን ነዋ! የእሷን ዝጋ።»

እዚህ ላይ ነው ጣጣው የመጣው። ሕጋዊ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ስለሚኖረው የአንዷን ነጥሎ መዝጋት ቀላል ነበር። የእኛ ግን የሌባ ዕቃ ነው፤ ሁላችንም የገባነው በአንድ በር ነው። ስንዱን ለመዝጋት ሁሉንም መዝጋት አለብኝ። ይህንን ሳስረዳቸው እትዬ አስካለ ትንፋሽ እንኳ አልወሰዱም።

«ታዲያ ሁሉንም ዝጋ!»

«እትዬ፣ ሰዉ ይበላኛል እኮ።»

«ይብላህ። ምክንያቱን ግን ለማንም እንዳትተነፍስ። አንዷ ለአንዷ ‘ለማንም እንዳትነግሪ’ እያለች ማታውኑ ስንዱ ጋ ያደርሱታል።»

የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። የሁሉም ስልክ ላይ አፑ ድርግም አለ፤ የእኔ ስልክ ደግሞ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ «ትንሽ ሙሽኪላ አለ፣ ይስተካከላል» እያልኩ ላልፍ ሞከርኩ። ሰዉ አልለቅ አለኝ። «መቼ? ምን ሆኖ? እኔ ልሞክረው?» በመጨረሻ ጥያቄውን ሁሉ አንድ ጊዜ ዝም የሚያሰኝ ከባድ ቃል ፈለግሁና «ኩባንያው ደርሶብናል፤ የቅጂ መብት ጉዳይ ነው» አልኩ። ምነው ምላሴን በያዘልኝ። ዝም ይላሉ ያልኳቸው ሰዎች ጉድ አፈሉ።

አጅማን የምትኖር የመዘምራን አባል የሆነች እህት የላከችልኝን የድምፅ መልእክት እስካሁን አልረሳውም። ስልኳ ውስጥ ያሉት መዝሙሮች በሙሉ ከሰው ስልክ የገለበጠቻቸው መሆናቸውን ነገረችኝና፣ «እኔኮ ዘማሪዎቹ ምንም እንዳላገኙበት አስቤው አላውቅም። እና እስከዛሬ በስርቆት ነው የዘመርኩት? ጾሙን ሁሉ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ የሚሰጥ ካህን እንጂ ኢንጂነር አይደለም። «እህቴ፣ አይመስለኝም» ብዬ ዘጋሁት። እሷ ግን መዝሙሩን በሙሉ አጠፋችው፤ በማግስቱ ደግሞ ያለ መዝሙር ሥራው እምቢ ቢላት መልሳ ከጓደኛዋ ገለበጠች።

ባንክ ቤት የሚሠራ አንድ የማከብረው ሰው አለ፤ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ፕሮግራም በሙሉ እኔ ነኝ የጫንኩለት፣ አንዱም የተገዛ አይደለም። ሜትሮ ውስጥ አገኘሁትና ሰላም ልለው ስጠጋ ጥቁር መነጽሩን አጠለቀ። ከመሬት በታች ነን እኮ! ቆይቶ «ቁጥሬን አጥፋልኝ፣ ወንድሜ» የሚል መልእክት ላከልኝ። ከዚያ ሌላ መልእክት፦ «ይህንንም መልእክት አጥፋ።»

ከሁሉ የባሱት ጋሽ ተፈራ ናቸው። ጋሽ ተፈራ ሹፌር ናቸው፤ እሁድ ጠዋት ስንዱን ከአል ባርሻ ወደ ሻርጃ የሚያመጡት እሳቸው ስለሆኑ እትዬ አስካለ ምስጢሩን ነግረዋቸዋል። የእኔ ወሬ ውሸት መሆኑን ከእኛ ሌላ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸውም ከሥራ ሲመለሱ ቢድ ስፔሳችን ድረስ መጡና ከካልሲያቸው ውስጥ ፍላሽ አውጥተው አልጋዬ ላይ አስቀመጡ።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ፊልም ነው። የተቀዳ። አንተ ጋ ይቀመጥ።»

«ጋሼ፣ ውሸት መሆኑን ያውቃሉ እኮ! እኔ የፈጠርኩት ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ በሩን እያዩ። «ግን እውነት ቢሆንስ?»

ፍላሹን ተቀበልኳቸው። ወሬው ወጣና ሌላውም ያለውን ይዞ መጣ፤ ፍላሽ፣ ሀርድ ዲስክ፣ ሲዲ ሳይቀር። በማን አእምሮ ነው የተሰረቀ ዕቃ ሁሉ አንድ ቦታ ሲከማች የበለጠ ሰላም የሚሆነው? አልጋዬ ሥር ያለው ፌስታል ሞልቶ ሁለተኛ ፌስታል ጀመርኩ። ፖሊስ ቢመጣ የአረብ አገር ሀበሻ የሰረቀውን ሁሉ ከአንድ አልጋ ሥር ያገኘው ነበር። ከላይ የሚተኛው ልጅ አልጋ ሊቀይር እንደሚፈልግ ለአከራያችን ነገረ።

በዚህ ሁሉ መሐል ስንዱ በየቀኑ ማታ ማታ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነው፤ እንደ ሌላው አትጮህም።

«ወንድሜ እንደምን ዋልክ። እኔ ጋ አልሠራ አለኝ። የእኔ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም ነው?»

«የሁሉም ነው ስንድዬ። ኩባንያው ነው።»

«እሰይ፤ የሁሉም ከሆነ ደህና።»

በማግስቱም፦ «ዛሬም የሁሉም ነው?» በሦስተኛውም እንዲሁ። የዋህነቷ አንጀቴን በላው። ሌላው ሰው እየሰደበኝ እሷ «አይ፣ አንተ ምን ታደርግ» ትለኛለች። ውሸቴን ስናገር ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ በስልክ ላይ ሆኜ እንኳ። ሆኖም እሁድ እየቀረበ መጣ፤ ስንዱም አልሰማችም፤ እትዬ አስካለም «ጎበዝ፣ ያዝልኝ» አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሆኜ መልእክቷ መጣ። «ወንድሜ፣ ማዳም ‘ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው?’ ብላ ጠየቀችኝና ስለ አፑ ነገርኳት። ‘የተሰረቀ ነገር ነበር የምትጠቀሙት? ሀራም ነው’ አለችኝና ሕጋዊውን ራሷ ገዝታ ጫነችልኝ። ዋላሂ ደግ ናት። እና አሁን ልደውል ነው። አንተ እንዳትለፋ ብዬ ነው የነገርኩህ።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። የሳምንቱ ልፋት፣ የሰዉ ስድብ፣ ሁለቱ ፌስታል፣ ሁሉም ገደል ሊገባ ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ስንዱ ማድቤት ውስጥ ቆማ፣ ብቻዋን፣ ከአንድ ጎረቤት አፍ ልትሰማው ነው። ደወልኩላት። «እንዳትነኪው! የድሮው ሳይጠፋ አዲሱን ከከፈትሽው ስልኩ ይቃጠላል! እኔ መጥቼ አጠፋልሻለሁ!» አልኳት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቅጥ ያጣ ውሸት ተናግሬ አላውቅም። «እሺ፣ እጠብቅሃለሁ» አለችኝ፤ ወዲያው።

አለቃዬን ሆዴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። ሜትሮው በሩን ሊዘጋ ሲል ዘልዬ ገባሁ። ቀና ስል ዙሪያዬን ሴቶች ብቻ ናቸው፤ የሴቶችና የሕፃናት ፉርጎ ውስጥ ነኝ። ወደ ወንዶቹ ልሻገር ስል ተቆጣጣሪው ከፊቴ ቆመ። «የቸኮልኩት ሰው ሞቶ ነው» ልለው ፈልጌ፣ ማን ሞተ ቢለኝ ብዬ ተውኩትና ቅጣቱን ተቀበልኩ። አንዲት ሕፃን ጣቷን ቀስራብኝ ለእናቷ አሳየቻት። አል ባርሻ ስደርስ ከጣቢያው እስከ ቪላው ድረስ በዚያ ሙቀት ሮጬ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ነበር።

ስንዱ የቆሻሻ ከረጢት ይዛ ከግቢው በር ወጣች። በሌላው እጇ ስልኩን ይዛዋለች።

«ደወልሽ?» አልኳት ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

«አልደወልኩም።»

«እሰይ! በይ አምጪው፣ የድሮውን ላጥፋልሽ።»

አልሰጠችኝም። ከረጢቱን ገንዳው ውስጥ ጣለችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ጋሽ ተፈራ ትናንት ደውለው ‘አይዞሽ’ አሉኝ» አለች። «ወንድሜ፣ ስልክ የተበላሸበት ሰው ‘አይዞሽ’ ይባላል?»

ጋሽ ተፈራን በልቤ ረገምኳቸው።

«የጓደኛዬ የጸሐይ አባት ያረፉ ጊዜ የስልክ ቻርጀሯን የደበቅሁት እኔ ነኝ። እስክትረዳ ድረስ አብሬያት ስፈልግ ነበር፤ አልጋ ሥር ሁሉ ገብቼ። ይሄን ነገር አውቀዋለሁ እኮ። በመጀመሪያው ቀን ነው የገባኝ።»

«ታዲያ በየቀኑ ለምን ትጠይቂኝ ነበር?»

«‘ኩባንያው ነው’ ስትለኝ ትንሽ እንቅልፍ ይወስደኛል። በካርድ መደወል አቅቶኝ መሰለህ? ፈርቼ ነው። አሁን ማዳም ይሄን ስትጭንልኝ ማምለጫ አጣሁ። ጣቴ እምቢ አለኝ። እንድትመጣ ነው የላክሁልህ።» ከዚያ ዓይኗን ዓይኔ ላይ አድርጋ፣ «ወንድሜ በሕይወት አለ፤ መስመር ላይ ሆኖ አየዋለሁ፣ አይመልስልኝም እንጂ። ከእሱ ሌላ ያሉኝ ሁለት ናቸው። የትኛዋ ናት? እናቴ ናት ወይስ ልጄ?»

ይህንን አላሰብነውም ነበር። እኔም፣ እትዬ አስካለም፣ ማናችንም። ብቻዋን እንዳትሰማ ብለን ስንጠብቃት እሷ ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን አንዴ እናቷን አንዴ ልጇን ስትቀብር ሰንብታለች፤ ሳህን እያጠበች፣ ሸሚዝ እየተኮሰች። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም። እሁድ ነገ ነው፤ መናገር የእኔ አይደለም፤ ግን እንዲያ እያየችኝ እንዴት ዝም እላለሁ?

«እናትሽ ናቸው» አልኳት።

«ተመስገን!» አለች።

ሳታስበው ነው የወጣት፤ ጮክ ብላ፣ ከሆዷ። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰምቼ እንደ ሆነ አየችኝ። መስማቴን አወቀች። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ሻሿን አፏ ውስጥ ከትታ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። እኔም ጎኗ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ጀርባዋን መታ መታ ከማድረግ በቀር ምንም አልረባኋትም። ማዳም ከውስጥ ስሟን ስትጠራ ብድግ ብላ ፊቷን ጠረገች።

«ለእትዬ አስካለ እንዳወቅሁ አትንገራቸው» አለችኝ። «ደክመውበታል። ነገ እረዳለሁ።»

እሁድ በጠዋት ሻርጃ የእትዬ አስካለ ቤት ከአጅማንም ከአል ቁሰይስም በመጣ ሰው ሞልቶ ነበር። ባንክ የሚሠራው ሰውም ያለ መነጽሩ መጥቷል። ወንዶቹ ደረጃው ላይ ቆመናል። ጋሽ ተፈራ ስንዱን ይዘው ደረሱ፤ ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ ገባች። ከውስጥ ዋይታው ተነሣ። ሴቶቹ ያዟት። አምስት ሴት እንኳ አልቻላትም፤ ደረቷን እየደቃች መሬት ወደቀች። «እማዬ ይቅር በይኝ! እማዬ በአፌ ነው! በአፌ ነው እማዬ፣ ይቅር በይኝ!» እያለች ትጮሃለች። ሌላ ነገር አትልም፤ ይህንኑ ብቻ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደለበሱ ውኃ ሊያስመጡ ወደ ደረጃው ወጡና አጠገቤ ቆሙ። ፊታቸው በእንባ ርሷል።

«ሰው መሐል መስማቷ ደግ ሆነ» አሉኝ። «ይቅር በይኝ የምትለው ለእናቷ ቀብር ስላልደረሰች እኮ ነው፤ ምስኪን።»

«አዎ እትዬ» አልኩ። «ለዚያ ነው።»